የጃፓን ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍትና ስማቸው ያልተጻፈ መምህራን

ሰው የእናቱን ቋንቋ ከእናቱ አፍ ይማራል፤ የባዕድን ቋንቋ ግን ከመምህር፥ መምህር ባጣም ጊዜ ከመጽሐፍ ይማራል። ለባዕዳን እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት ቋንቋዎች አንዱ የጃፓን ቋንቋ ነው። እንዲህም ሲሆን፥ በቤቱ ተቀምጦ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በፊቱ ዘርግቶ፥ ያለ መምህር ይህን ቋንቋ ልማር ብሎ የሚደክም ሰው ዛሬ በየአገሩ ብዙ ነው። ይህ ሰው የሚገለገልባቸው መጻሕፍት ከየት እንደ መጡ ቢመረመር ግን፥ ‹‹ያለ መምህር›› የሚባለው ነገር ስሙ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከመጽሐፉ ጀርባ አንድ ጃፓናዊ አለ፤ የተጠየቀውን ሲመልስና የተሳሳተውን ሲያርም ዓመታት ያሳለፈ ነው። በመጽሐፉ ፊት ላይ የሚነበበው ስም ግን የጠያቂው ነው እንጂ የመላሹ አይደለም። የእነዚህንም መላሾች ታሪክ ማወቅ የሚገባው ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ በምን እንደሚታመን፥ በምንስ እንደሚያሳስት የሚያስታውቀው የመላሹ ሰው ማንነት ነውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ የችግሩን ዓይነት መናገር ያስፈልጋል። ጃፓናውያን በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ቀላቅለው ይጽፋሉ። ሁለቱ ሂራጋናና ካታካና ይባላሉ፤ እንደ ግዕዝ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ስለሚይዝ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆኑበትም። ነገር ግን በግዕዝ ፊደል ካዕቡና ሣልሱ የመጀመሪያውን መልክ ይዘው ይወጣሉ፤ በጃፓን ‹‹ካ›› እና ‹‹ኪ›› በመልክ አይዛመዱም። መሠረታውያን ምልክቶቻቸው በየወገናቸው 46 ስለሆኑ ትጉህ ተማሪ በጥቂት ሳምንት ይጨርሳቸዋል። ሦስተኛው ካንጂ ነው። ይህ ከቻይና የመጣ፥ ከድምፁ ይልቅ ነገሩን የሚያመለክት ጽሕፈት ነው፤ መንግሥት በ2010 ለዕለት ጽሕፈት እንዲያገለግሉ ብሎ የወሰናቸው ብቻ 2136 ናቸው፤ አንዱም ምልክት እንደ አገባቡ ሁለት ወይም ሦስት ንባብ ይኖረዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ የአክብሮት አነጋገር አለ። ‹‹አንተ›› እና ‹‹እርስዎ›› የሚል ሕዝብ ነገሩን ቶሎ ያስተውለዋል፤ በጃፓን ግን ‹‹መጣ›› ለማለት እንኳ እንደ ሰውየው ማዕርግ ግሡ ራሱ ይለወጣል።

ይህን ቋንቋ ለመማር ከተነሡት የአውሮፓ ሰዎች አስቀድሞ ስሙ የሚነሣው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፍራንሲስ ዣቪየር ነው። በ1547 በማላካ ከተማ አንጅሮ ከሚባል የካጎሺማ ሰው ጋር ተገናኘ። አንጅሮ በአገሩ ሰው ገድሎ በፖርቱጋል መርከብ የሸሸ ነበር፤ በኋላም በጎዋ ተጠምቆ ጳውሎስ ተባለ። በ1549 ሁለቱ ካጎሺማ ሲደርሱ፥ ለካህኑ መዝገበ ቃላት የለውም፤ ሰዋስውም የለውም፤ ያለው አንጅሮ ብቻ ነበር። አንጅሮ የሃይማኖቱን ትምህርት ወደ ጃፓን ቋንቋ መለሰ፤ ካህኑም በላቲን ፊደል የተጻፈውን በአደባባይ ያነብ ነበር።

አንጅሮ ብልህ ሰው ነበር፤ ነገር ግን የአገሩን ሊቃውንት መጻሕፍት ያነበበ አልነበረም። ‹‹እግዚአብሔር›› የሚለውን ቃል ምን ትሉታላችሁ ተብሎ ቢጠየቅ ‹‹ዳይኒቺ›› ብሎ መለሰ። ዳይኒቺ ማለት ግን በቡድሃ ሃይማኖት፥ ይልቁንም ሺንጎን በሚባለው ወገን ዘንድ፥ የሚሰገድለት የታላቁ ቡድሃ ስም ነው። ስለዚህ ዣቪየር ሁለት ዓመት ያህል ሕዝቡን ‹‹ለዳይኒቺ ስገዱ›› እያለ ሲሰብክ፥ የሺንጎን መነኮሳት ‹‹ይህስ የኛው ነው›› ብለው በደስታ ይቀበሉት ነበር። በ1551 በያማጉቺ ከተማ ነገሩን መርምሮ ባወቀ ጊዜ ደንግጦ ስሙን አስተወ፤ ‹‹ዴኡስ›› የሚለውን የላቲን ቃል እንዳለ ተናገረ። መነኮሳቱም ወዲያው ጠላት ሆኑበት፤ ዴኡስን ‹‹ዳይ ኡሶ›› ብለው ቀለዱበት፤ ይህም ታላቅ ሐሰት ማለት ነው። የቃል ስሕተት ነጋዴን በገንዘብ ያከስራል፤ ሰባኪን ግን የሚያከስረው በምን እንደ ሆነ ካህናት ያውቁታል።

ከዚህ በኋላ የመጡት የማኅበሩ ሰዎች በአንድ ሰው ቃል ላይ መደገፍ እንደማይበቃ ተረድተው ነበር። አለቃቸው ቫሊኛኖ በ1590 ከአውሮፓ ማተሚያ አስመጣ። በማተሚያውም በ1592 የሄይኬን ወገን የጦርነት ታሪክ፥ በ1593 የኤሶጵን ተረት፥ በጃፓን የዕለት አነጋገርና በላቲን ፊደል አሳትመው ለአዲስ መጤ ወንድሞች መማሪያ አደረጉት። ተረቱ ደስ እያሰኘ ቋንቋውን ያስተምር ዘንድ ነው፤ የዛሬዎቹ የቋንቋ አስተማሪዎች አዲስ ነገር አገኘን የሚሉበት ዘዴ ያን ጊዜ ተሠርቶ ነበር። በ1603 ደግሞ በናጋሳኪ ከ32000 የማያንስ ቃል የያዘ የጃፓንና የፖርቱጋል መዝገበ ቃላት ታተመ። በዚህ መዝገብ የዋና ከተማው ቃል ከደቡቡ አገር ቃል፥ የሴቶች ቃል ከመጻሕፍት ቃል ተለይቶ ተመልክቷል። ዛሬ የጃፓን ሊቃውንት ራሳቸው አባቶቻቸው በ1600 ገደማ እንዴት ይናገሩ እንደ ነበረ ለማወቅ ሲፈልጉ ይህን መጽሐፍ ይገልጣሉ። ጃፓናውያን ወንድሞች ብዙ ባይረዱ ኖሮ ይህን የመሰለ ሥራ እንደማይሠራ ግልጽ ነው፤ በመጽሐፉ ላይ ግን የአንዳቸውም ስም የለም።

ከነዚህ ሰዎች መካከል በቋንቋ እውቀት የሚበልጠው ዡዋው ሮድሪገስ ነው። በልጅነቱ ከፖርቱጋል ወጥቶ በጃፓን ስላደገ ሕዝቡ ‹‹ጹዙ›› ማለት አስተርጓሚ ይለው ነበር። ከ1604 እስከ 1608 ያሳተመው ታላቁ ሰዋስው ከላቲን ሰዋስው ሥርዓት ቢነሣም፥ የጃፓንን የአክብሮት አነጋገርና ቅኔ ሳይቀር ይመረምራል። በ1610 ከጃፓን ተባርሮ በማካዎ ተቀመጠ፤ በዚያም በ1620 አጭሩን ሰዋስው አወጣ። በዚህ መጽሐፍ ስለ ትምህርቱ መንገድ ሲናገር፥ ተማሪ የአገሩን መጻሕፍት ከአገሩ ሊቅ ጋር ያንብብ ይላል እንጂ ባዕዳን ባዘጋጁት መጽሐፍ ይብቃው አይልም። ራሱ መማሪያ የጻፈ ሰው እንዲህ ማለቱ ያስገርማል።

በ1614 የጃፓን መንግሥት ክርስትናን በአገሩ ሁሉ ከለከለ፤ ማተሚያውም ወደ ማካዎ ተጫነ። ከ1641 ጀምሮ ከአውሮፓውያን ወገን የሆላንድ ነጋዴዎች ብቻ በናጋሳኪ ወደብ በምትገኝ ደጂማ በምትባል ትንሽ ደሴት ተወስነው እንዲነግዱ ተፈቀደ። ቋንቋ የሚማሩት ጃፓናውያን አስተርጓሚዎች ሆኑ እንጂ ሆላንዶች አልነበሩም። የአገሩ ሰውም ወደ ውጭ እንዳይወጣ፥ የወጣም እንዳይመለስ በሞት ቅጣት ተከለከለ። እንግዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በውጭ አገር የጃፓንን ቋንቋ ሊያስተምር የሚችል ሰው ማዕበል የወሰደው መርከበኛ ብቻ ነበር።

ከነዚህ አንዱ ጎንዛ የሚባል የሳጹማ ልጅ ነው፤ ሳጹማ አንጅሮ የተወለደበት አገር ነው። በ1728 ወደ ኦሳካ የሚሄድ መርከብ 17 ሰዎች ይዞ ሲሄድ ማዕበል ወሰደው፤ ስድስት ወር ያህል ተንሳፎ በ1729 ካምቻትካ ደረሰ። በዚያ የነበሩ ኮሳኮች አሥራ አምስቱን ገደሉ፤ ሶዛ የሚባል ሰውና የ11 ዓመት ልጅ ጎንዛ ብቻ ቀሩ። ሁለቱ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተወስደው በንግሥት አና ፊት ቀረቡ፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ተጠመቁ። በ1736 በሳይንስ አካዳሚ የጃፓን ቋንቋ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ሶዛ በዚያው ዓመት ሞተ። ጎንዛ ግን በአንድሬይ ቦግዳኖቭ ተቆጣጣሪነት 12000 ያህል ቃል ያለው የስላቭና የጃፓን መዝገበ ቃላት በሩስያ ፊደል አዘጋጀ። የስላቩ ቃል የተወሰደው ለካህናትና ለሊቃውንት ከተዘጋጀ መዝገብ ስለ ነበረ፥ በ11 ዓመቱ ከአገሩ የተለየ ልጅ ስለ ጸጋና ስለ ምሥጢር የሚናገሩትን ቃላት በመንደሩ የሕፃን አነጋገር ሲተረጕም ይታያል። በ1739 በ21 ዓመቱ ሞተ። በዘመኑ ያልታተመው ያ ድርሳን ዛሬ የሳጹማን የጥንት አነጋገር ለሚመረምሩ ሊቃውንት ታላቅ ሀብት ሆኗል፤ ጃፓንኛ ሊማርበት የተነሣ ሩስያዊ ግን ከሳጹማ ወጥቶ ሌላ አውራጃ ቢሄድ የሚሰማው ባላገኘም ነበር።

በ1830 የእንግሊዝ ወንጌል ሰባኪ ሜድኸርስት በባታቪያ፥ ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ከተማ፥ የእንግሊዝኛና የጃፓንኛ ቃላት መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው ጃፓንን አላየም፤ ከጃፓናዊም ጋር አልተነጋገረም፤ ከደጂማ የሚመለሱ ሰዎች ያዋሱትን መጻሕፍት ብቻ እያስተያየ ነው የጻፈው። ያለ መምህር ከመጽሐፍ ብቻ መማር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመፈተን ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ስሕተቱ ብዙ ነው፤ ሥራው ግን አልጠፋም፤ ወደ ፊት እንደገና ይነሣል።

በ1832 መጨረሻ ሆጁን ማሩ የምትባል ሩዝና ሸክላ የጫነች መርከብ ከቶባ ወደብ ተነሥታ ወደ ኤዶ፥ ማለት ወደ ዛሬው ቶኪዮ፥ ስትሄድ ማዕበል ሰበራት። ከ14 ሰዎች መካከል ከ14 ወር መንሳፈፍ በኋላ በ1834 የአሜሪካን ምዕራብ ዳርቻ ያዩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ኢዋኪቺ፥ ኪውኪቺና ከሁሉ ታናሹ ኦቶኪቺ። ከዚያ ወደ ለንደን፥ ከለንደንም ወደ ማካዎ ተላኩ። በማካዎ ጉትስላፍ የሚባል ጀርመናዊ ወንጌል ሰባኪ ተቀብሎ በቤቱ አስቀመጣቸው፤ ከነርሱም ጋር የዮሐንስን ወንጌል ተረጐመ፤ በ1837 በሲንጋፖር ታተመ። በአገራቸው ይህን መጽሐፍ መያዝ እንኳ ሞት የሚያመጣ ነበርና፥ ሦስቱ መርከበኞች በየቀኑ ምን እያሰቡ ይመልሱ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ‹‹ቃል›› የሚለው የወንጌሉ መጀመሪያ ስም ሲደርስ የመረጡለት ‹‹ካሺኮይ ሞኖ›› የሚል ነው፤ ብልህ የሆነ ማለት ነው። ሊቅ ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ቢሆንም አንጅሮ ከወደቀበት ጕድጓድ አልገቡም፤ የጣዖትን ስም ለእግዚአብሔር አልሰጡም።

በዚያው ዓመት ሞሪሰን የምትባል የአሜሪካ መርከብ ሦስቱንና ሌሎች አራት መርከበኞችን ይዛ ወደ አገራቸው ልትመልሳቸው ሄደች። በኤዶ ባሕር ሰርጥ ስትደርስ መድፍ ተተኰሰባት። ወደ ካጎሺማ ዞረች፤ በዚያም ተተኰሰባት። ሰባቱ ሰዎች የአገራቸውን ተራራ በዓይናቸው እያዩ ወደ ማካዎ ተመለሱ። በመርከቧ ላይ የነበረው አሜሪካዊው ዊልያምስ ከነዚሁ መርከበኞች ጃፓንኛ ተምሮ በ1853 ከኮሞዶር ፔሪ ጋር በአስተርጓሚነት ጃፓን ሄደ፤ ነገር ግን ከመርከበኞች የተማረው አነጋገር ከመኳንንት ጋር ለመነጋገር የማይበቃ ስለ ሆነ ጉዳዩ የተፈጸመው በሆላንድ ቋንቋ ነው። ኦቶኪቺ በ1867 በሲንጋፖር ሞተ። ከአፅሙ አመድ ጥቂቱ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰው በ2005 ነው።

ኦቶኪቺ በሞተበት በ1867 ለብዙ ዘመን የጃፓንኛ ተማሪዎች ምርኵዝ የሆነው መዝገበ ቃላት ታተመ። ደራሲው ጄምስ ሄፕበርን ነው፤ በ1815 በፔንሲልቫኒያ የተወለደ ሐኪምና የፕሬስቢቴሪያን ወንጌል ሰባኪ። በ1859 ወደቦች እንደ ተከፈቱ ካናጋዋ ደርሶ በአንድ የቡድሃ መቅደስ ውስጥ ተቀመጠ። ሃይማኖት መስበክ ገና የተከለከለ ስለ ነበረ ቀን ድውያንን እያከመ ቃላትን ይለቅም ነበር። ይህ ሥራ ለቃል ሰብሳቢ ከሁሉ የተመቸ ሳይሆን አይቀርም፤ የታመመ ሰው የሚናገረው ያጌጠውን ሳይሆን የእውነተኛውን ቋንቋ ነውና፤ ወደ ሐኪም ቤትም ገበሬውም ወታደሩም ይመጣል። በመቅድሙ እንደ መሰከረው፥ ከእርሱ በፊት ከተሠሩት ያገኘው የሜድኸርስትን ትንሽ መጽሐፍና የ1603ን የኢየሱሳውያን መዝገብ ብቻ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የተደገፈው ግን በሕያው መምህር ላይ ነው።

ከሕያዋኑ መምህራን የሚታወቀው ኪሺዳ ጊንኮ ነው። በ1863 ዓይኑን ታሞ ወደ ሄፕበርን መጣ፤ ዳነም፤ ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ሥራ ረዳቱ ሆነ። በጃፓን ለዚህ ሥራ የሚሆን ማተሚያ ስላልነበረ በ1866 መጨረሻ ሁለቱ ወደ ሻንግሃይ ተሻገሩ፤ የሕትመቱ እርማት እስኪያልቅም በዚያ ተቀመጡ። መጽሐፉ ሲወጣ በጃፓንኛው ክፍል ብቻ 20772 ቃላት ነበሩበት። በፊቱ ገጽ የሚነበበው የሄፕበርን ስም ነው። ኪሺዳ ደመወዙን በሌላ መንገድ አገኘ ማለት ይቻላል፤ ከሐኪሙ የተማረውን የዓይን መድኃኒት በጃፓን እየሸጠ ባለጸጋ ሆነ፤ በጋዜጠኝነትም ታወቀ። በ1886 ሦስተኛው እትም ሲወጣ የተከተለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ እስከ ዛሬ በሄፕበርን ስም ይጠራል፤ ቶኪዮና ኪዮቶ የሚባሉት ስሞች በየካርታው የሚጻፉት በዚህ ሥርዓት መሠረት ነው።

በሰሜኑ ወደብ በሐኮዳቴ ደግሞ ሌላ ተማሪ ነበር። ኋላ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት አባ ኒኮላይ በ1861 ለሩስያ ቆንስል ቤት ካህን ሆነው ሲደርሱ 24 ዓመታቸው ነበር። ስምንት ዓመት ያህል ቋንቋውን፥ ታሪኩንና የቡድሃን መጻሕፍት ሳይቀር ተማሩ። በ1864 ኒጂማ የሚባል ወጣት በቤታቸው ተቀምጦ ጃፓንኛ አስተማራቸው። ኒጂማ ወደ ሐኮዳቴ የመጣው ከአገር ለመውጣት ነበር፤ አንድ ወር ያህል ካስተማረ በኋላ ሌሊት በአሜሪካ መርከብ ተሸሽጎ አመለጠ፤ ቢያዝ ሞት ይፈረድበት ነበር። ወደ አገሩም ከተመለሰ በኋላ በ1875 በኪዮቶ ዶሺሻ የሚባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ሳዋቤ የሚባለው የሺንቶ ካህን ግን ወደ አባ ኒኮላይ ቤት የገባው ሊገድላቸው ሰይፍ ይዞ ነው። ‹‹የምጠላውን ትምህርት መርምረህ ታውቀዋለህን?›› ብለው በራሱ ቋንቋ ስለ ጠየቁት ተቀምጦ ሰማቸው፤ በ1868 ተጠምቆ ጳውሎስ ተባለ። ክርስትናን የሚከለክለው የአዋጅ ሰሌዳ ከየአደባባዩ የተነሣው ግን በ1873 ነው። አቡነ ኒኮላይ በኋላ በቶኪዮ ናካይ ጹጉማሮ ከተባለ የቻይናን ጽሕፈት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሊቅ ጋር በየቀኑ ተቀምጠው አዲስ ኪዳንን ተረጐሙ፤ በ1901 ታተመ። ቃሉ ለተራ ሰው ከባድ ነው ተብሎ ሲነቀፍ፥ ምእመኑ ወደ ወንጌሉ ይውጣ እንጂ ወንጌሉ ወደ ገበያ አይውረድ የሚል አሳብ ነበራቸው። ይህ አሳብ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱ በዙ፤ ሁሉን መዘርዘር አያስፈልግም። በ1977 ጄምስ ሃይሲግ የሚባል አሜሪካዊ የካቶሊክ ሊቅ በካማኩራ ከተማ ወደ ቋንቋ ትምህርት ቤት ዘግይቶ ስለ መጣ ለብቻው ካንጂን ሊማር ተቀመጠ፤ ለየምልክቱ አንድ ትንሽ ተረት እየፈጠረ በአንድ ወር ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ካንጂ አጻጻፉንና ትርጕሙን ያዘ። ንባቡን ግን ለሌላ ጊዜ ተወው፤ ስለዚህ ዘዴው በብዙ ሰው ዘንድ ሲወደድ በብዙው ይነቀፋል። በ2006 ደግሞ ጃፓንኛ ይማር የነበረ ዴሚየን ኤልምስ የሚባል ሰው ‹‹አንኪ›› የሚል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠራ፤ ቃሉ በጃፓንኛ በቃል ማጥናት ማለት ነው። ፕሮግራሙ የተማሩትን ቃል ሊረሱት በሚቃረቡበት ቀን እያነሣ ይጠይቃል፤ የያዙትን እያዘገየ፥ የረሱትን እያፈጠነ ይመልሰዋል። በአብነት ትምህርት ቤት ቀለም የሚያስቀጽል ተማሪ የሚሠራውን የሚያደርግ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ተማሪው ሲያነብ ስሕተቱን ሰምቶ የሚያርመው ጆሮ የለውም።

በ1991 ጂም ብሪን የሚባል የአውስትራልያ መምህር በኮምፒዩተር የሚነበብ የጃፓንኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጀመረ፤ ብዙ ሰዎች ያለ ዋጋ ቃል እየጨመሩ አሳደጉት፤ ዛሬ በስልክ ላይ የሚገኙት መዝገበ ቃላት አብዛኞቹ የሚቀዱት ከዚህ ነው። ለየቃሉ ምሳሌ የሚሆን ዐረፍተ ነገር ሲፈለግ የተገኘው በታናካ ያሱሂቶ እጅ ነው። ይህ የጃፓን ፕሮፌሰር ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቹን እያንዳንዳቸው 300 ዐረፍተ ነገር ከነእንግሊዝኛው እንዲያመጡ ያዝዝ ነበር፤ 212000 ያህልም ተሰበሰበ። ፊደሉ የተሳሳተ፥ ሁለት ጊዜ የተጻፈ፥ እንግሊዝኛው የተጣመመ ብዙ ስለ ነበረበት እርማቱ ዓመታት ፈጀ። በቤቱ ብቻውን ተቀምጦ በስልኩ አንድ የጃፓንኛ ቃል የሚፈልግ ሰው ከቃሉ በታች የሚያነበው ምሳሌ ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ለትምህርት ቤት ሥራው ያመጣው ሊሆን ይችላል። የተማሪዎቹ ስም በመዝገቡ ውስጥ የለም።